ግሪዘል ኬር በዳኛው ጓዳ

ግሪዘል ኬር ፈሪ ነበረች። በሸለቆው ይህን የሚክድ ሰው አልነበረም፤ ራሷም አትክድም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጉልበቷ ይከዳታል። ፈረስ ድንገት ሲያናፋ ደረቷን ትይዛለች። በበረዶ መቅለጥ ሰሞን የሳስኳሃና ወንዝ ሞልቶ ሲጮኽ፣ ድምፁን ላለመስማት የሱፍ ሻርፕ በጆሮዋ ላይ አስራ ትውላለች። «ግሪዘል በጥላዋ ላይ ብትቆም ይቅርታ ትጠይቀዋለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅና ከሰዎቹ መካከል ትገባለች እንጂ ዳር ይዛ አትሄድም።

ፍርሃቷ ግን ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ዴቪ የሚባል አንድ ወንድም ነበራት። ዴቪ ገና ጢሙ ሳይጠና ተራሮቹን ተሻግሮ ሄደ። «ባዶ መሬት ነው፤ የቀደመ ይወስደዋል» ብለውት አምኖ ጎጆ ቀለሰ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያድኑበት፣ ሙታናቸውንም የቀበሩበት ሰዎች ነበሩት። ሁለተኛው መከር ሳይሰበሰብ ከእነሱ ጋር ጦርነት ተነሣና ከዴቪ የተመለሰው ባርኔጣው ብቻ ሆነ። አባቷ ባርኔጣውን ተቀብሎ ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላወረደውም።

አባትየው ሲሞት ርስቱ ለግሪዘል ሆነ፤ ሌላ ልጅ አልቀረለትምና። «መሬቱ ያንቺ ነው» አላት በመጨረሻው ሰዓት። «ባል ብታገቢም ያንቺ ነው። ከዚህ ማንም አያስነሣሽ።» የተቀበረው በጅረቱ አጠገብ፣ ከትልቁ የባሉጥ ዛፍ ሥር ነው። ቆይቶ ግሪዘል ገና በጨቅላነታቸው የሞቱባትን ሁለት ልጆቿንም ከጎኑ አሳረፈች። ሌላ ልጅ አልወለደችም። ማሳውን ስታርም ቀና ባለች ቁጥር ያን ዛፍ ታያለች።

ያገባችው ኒኒያን ኬርን ነው። ኒኒያን ክፉ ሰው አልነበረም። በሰንበት በጸሎት ቤት መዝሙሩን የሚመራው እሱ ነው፤ ድምፁ ሲወጣ ሕፃናት እንኳ ማልቀስ ይተዋሉ። እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ሲቆጣ ግን ዝም ይላል። ዝምታው እንደ ጉንፋን በቤቱ ሁሉ ይዛመታል፤ ላሟ ራሷ ወተቷን የምትቀንስ ይመስላል። ግሪዘል ከነጎድጓዱም ከወንዙም ይልቅ የምትፈራው ይህን ዝምታ ነበር።

አንድ የጸደይ ቀን ፕሪንግል የሚባል የመሬት ደላላ መጣ። ገበታው ላይ የነበረውን የበቆሎ ገንፎ ገፋ አድርጎ ካርታውን ዘረጋ።

«ይሄውላችሁ» አለ፣ ጣቱን በተራሮቹ ማዶ እያንሸራሸረ። «ከዚህ ጅረት እስከዚህ ኮረብታ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እንደ ቅቤ ይቆረሳል። በቆሎው ፈረስ ከነጋላቢው ይደብቃል። ይህችን ቁራሽ መሬታችሁን ስጡኝና ያን ሁሉ ውሰዱ።»

«ሰዎቹስ?» አለች ግሪዘል።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የመሬቱ ሰዎች።»

ፕሪንግል ሳቀ። «እመቤት፣ እነሱማ ሸጠው ሄደዋል።»

«ለወንድሜም እንዲሁ ነው ያሉት።»

ኒኒያን ማንኪያውን አስቀመጠ። ከሚስቱ ይልቅ ካርታውን እያየ፣ «አስብበታለሁ» አለ። ግሪዘል ግን አስቦ እንደጨረሰ ገባት፤ ዓይኑ ውስጥ ዴቪ ሲሄድ የነበረውን ብርሃን አይታለችና።

ደላላው ከሄደ በኋላ ዝምታው መጣ። ኒኒያን ይበላል፣ ያርሳል፣ ይተኛል፤ አይናገርም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ተናገረ።

«ካልፈረምሽ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከሄድኩ በኋላም ወሬዬን አትሰሚም።»

«ኒኒያን…»

«እንግዲህ ነገርኩሽ።»

ያን ዕለት ግሪዘል ወደ አክስቷ ኤልስፔት ሄደች። አክስት ኤልስፔት ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ምላሷ እንደ ተልባ ማበጠሪያ የሾለ አሮጊት ናት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ የተልባ ጭረት ታበጥራለች።

«ፊትሽ ምን ሆኗል? ላም ሞተችብሽ ወይስ ቄሱ ሊጠይቅሽ መጣ?»

ግሪዘል ሁሉንም ነገረቻት። አሮጊቷ ሥራዋን ሳታቆም ሰማችና፣ «መቼም ወደ ዳኛ ሞርሄድ ትሄዳላችሁ» አለች።

«ከነገ ወዲያ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። የሚስት ርስት ሲሸጥ ባልየው ውጭ ይቆማል። ሕጉ ነው። ዳኛው አንቺን ለብቻ ወስዶ በሩን ይዘጋና፣ ‹ወደሽ ነው ወይስ ባልሽን ፈርተሽ?› ይላል። ሴት ልጅ በዚህች ምድር በሕግ የምትጠየቀው ጥያቄ ይኸው አንዱ ነው።»

ግሪዘል እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። «አንቺን ጠየቁሽ?»

«እኔን?» አክስት ኤልስፔት ተልባዋን ጭኗ ላይ ጣለችው። «የእኔው ዳኛማ ከባሌ ጋር የፖም ጠጅ እየጠጣ ፈረመ። ‹ለብቻዋ ጠይቄያታለሁ› ብሎ ጻፈ እኮ! ለብቻዬ የጠየቀኝ ‹ሌላ ጠጅ አለ ወይ?› ብሎ ነው።»

ግሪዘል ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። «ለምን አልጠየቀሽም?»

«ይሉኝታ ነዋ። በደህና ሰው ቤት ገብቶ ሚስቱን ‹ይህን ሰው ትፈሪዋለሽ?› ማለት ነውር መሰላቸው። ለባልየው ክብር ሲሉ ጥያቄውን ይውጡታል። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ፤ የእናቴ ማሳ በዚያው ሄደ።» አሮጊቷ ተልባዋን ከጭኗ አነሣች። «አሁን ይሄ ምላስ አለኝ፤ ያኔ የት እንደነበረ እንጃ።»

በተባለው ቀን ጋሪያቸው በወንዙ ዳር ሲሄድ ግሪዘል ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «አዎ» ማለት ትለማመድ ነበር። አዎ፣ ወድጄ ነው። አዎ፣ ማንም አላስገደደኝም። ባሏን አጥታ በዚያ ቤት ብቻዋን ከምትኖር ይህን ብላ ብትገላገል የሚሻል መሰላት። ግን «አዎ» ባለች ቁጥር ያ ባርኔጣ በዓይኗ ይመጣል፤ ቀጥሎም የባሉጡ ዛፍ፣ በእሱም ሥር የማያውቁት ሰው ማረሻ።

ዳኛ ሞርሄድ ቤት ሲደርሱ ግቢው በፈረስ ተሞልቶ ነበር። የአውራጃው ሰዎች ተሰብስበው ስለ ንጉሡና ስለ ሻይ ቀረጥ ይከራከራሉ። «ዛሬ ሻይ ነው፤ ነገ የምንተነፍሰውን ይቀርጡናል!» ይላል አንዱ። «አንተን ከቀረጡህማ ንጉሡ ይከብራል፤ ስትተነፍስ እንደ ወናፍ ነህ» ይለዋል ሌላው። ሲስቁ ግሪዘል ደነገጠች። ዳኛው ረጅም፣ ችኩል ሰው ነው፤ ኮቱን በአንድ እጁ ብቻ ለብሶ ወጣ። በኋላ ከንጉሡ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአውራጃውን ሰዎች መርቶ የዘመተው፣ አንድ እግሩንም ያጣው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ልቡ ከሰዎቹ ጋር ነበርና እነግሪዘልን የተቀበላቸው በሩ ላይ የተደቀነ ሥራ አድርጎ ነው።

«ቶሎ እንጨርሰው» አለ።

ፕሪንግል ብራናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀድሞ ዘርግቶታል። ዳኛው በጥድፊያ አነበበው፤ ከባሉጡ ዛፍ ተነሥቶ እስከ ድንጋዩ ቁልል፣ ከዚያም ጅረቱን ተከትሎ ወደ ወንዙ። ግሪዘል የአባቷ መሬት በባዕድ አፍ ሲቆጠር ሰማች። ኒኒያን ፈረመ። ብዕሩ ወደ እሷ ዞረ። ማንበብ ታውቃለች፤ መጻፍ ግን አልተማረችም። ምልክቷን አኖረች። አባቷ በበጎቹ ጆሮ ላይ ይቀርጸው የነበረውን፣ እንደ ሹካ የተከፈለውን ምልክት ነው ያኖረችው፤ ሌላ ምልክት አታውቅም።

ከምልክቷ በታች ፕሪንግል ራሱ ያስጻፈው ቃል ተዘጋጅቶ ነበር፤ የቀረው የዳኛው ስም ብቻ ነው። ዳኛው ብዕሩን ነከረና ግርጌው ላይ ስሙን በሰፊው ጻፈ። ግሪዘል ቀስ እያለች ፊደሎቹን ለቀመቻቸው። ሚስቲቱን ለብቻዋ ጠይቄያታለሁ፤ ያለ ባሏ ፍርሃትና ያለ ግዴታ፣ በገዛ ፈቃዷ…

ዳኛው አሸዋ ነስንሶ ቀለሙን አደረቀ። ፕሪንግል ብራናውን ለማንሣት እጁን ዘረጋ። ውጭ ያሉት ሰዎች «ሞርሄድ!» ብለው ተጣሩ።

ግሪዘል የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ከዚያ የራሷን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማችው።

«ጌታዬ… ጥያቄውስ?»

ዳኛው ቆመ። «የቱ ጥያቄ?»

«ለብቻዬ የሚጠይቁኝ።»

ፕሪንግል ፈገግ አለ። «እመቤት፣ እሱ እንዲያው የወረቀት ወግ ነው። ባልሽ ደህና ሰው እንደሆነ ማን ያጣዋል?»

ግሪዘል ወደ ኒኒያን ማየት አልቻለችም። ዳኛው ግን ብራናውን፣ ቀጥሎም አሁን የጻፈውን ስሙን አየ፤ ፊቱም ቀላ። «እውነቷን ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። እመት ኬር፣ ተከተይኝ።»

የወሰዳት ወደ ጓዳ ነው። ከጣሪያው በጭስ የጠቆረ የአሳማ ሥጋ ተንጠልጥሏል፤ አይብና የዱቄት በርሜል ጥጉን ይዘዋል። በሩ ሲዘጋ ግሪዘል ከኋላዋ የኒኒያንን ጫማ ሰማች፤ ወለሉ ላይ ይመላለሳል።

«ይህን መሬት የምትለቂው ወደሽ ነው? ባልሽን ሳትፈሪ?»

«አዎ»ን ስንት ጊዜ ተለማምዳዋለች! ግን ቃሉ አልወጣም። ባሏ በሰንበት የሚመራውን መዝሙር፣ ፍርሃት የሚያርቀውን ቃል ፈለገች፤ እሱም ጠፋባት። የመጣላት በሕፃንነቷ ያጠናችው «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነው።

«እፈራለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «አልፈራም ብል እዋሻለሁ።»

«ይመታሻል?»

«ኧረ በፍጹም! እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ትፈሪዋለሽ?»

«ጥሎኝ እንዳይሄድ እፈራለሁ። ከፈረምኩ ደግሞ ተራራውን እፈራለሁ። ወንድሜ እዚያ ቀርቷል፤ ልጆቼ እዚህ ናቸው።» እንባዋ መጣ፤ በሽርጧ ጠረገችው። «እኔ ሁሉን እፈራለሁ፣ ጌታዬ። ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ግን እዚያ ላይ ‹ያለ ፍርሃት› ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ እውነት አይደለም።»

ዳኛው የዱቄት በርሜሉ ላይ እጁን አሳርፎ ቆየ። ውጭ ያሉት እንደገና ጠሩት፤ አልመለሰላቸውም።

«ከዚህ ስትወጪ የሚጠብቅሽን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልረዳሽ የምችለው እስከዚህ በር ድረስ ብቻ ነው።»

«ይበቃል፣ ጌታዬ። ከበሩ ማዶ ፈጣሪዬ አለልኝ» አለች፤ ማለቷ ግን ፍርሃቷን አላስወገደውም።

ዳኛው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የተዘጋጀውን ቃል በሁለት መስመር ሰረዘው። ስሙ ግን በቦታው ቀረ። ከስሙ በላይ፣ በጠባቡ ክፍት ቦታ፣ «ለብቻዋ ጠየቅኋት፤ የመሬቱ ባለቤት አልፈቀደችም» ብሎ ጻፈና ብራናውን ለግሪዘል ሰጣት። ምክንያቷን ለማንም አልተናገረም።

«በሉ እንግዲህ፣ አቶ ኬር» አለ ፕሪንግል ካርታውን እየጠቀለለ፣ «የቤትዎን አዛዥ ዛሬ አወቅናቸው።»

ያ ብራና ዛሬም አለ። ሰዎች የሚያዩት ለሞርሄድ ፊርማ ብለው ነው፤ አገሩን ከንጉሡ ነፃ ካወጡት አንዱ ነውና። ከፊርማው በላይ ያለችውን የበግ ምልክት ግን ማንም ልብ አይላትም፤ የቀለም ነጠብጣብ ትመስላለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኒኒያን ወንዙ ዳር ጋሪውን አቆመ። ግሪዘል እዚያው ጥሏት የሚሄድ መሰላት። ውኃው በድንጋዩ ላይ ይጮኻል።

«ምን አልሽው?»

«እፈራለሁ አልኩት።»

«ማንን? እኔን?»

«አዎ።»

ኒኒያን ልጓሙን ለቀቀው። «እኔ? መቼ ነካሁሽ?»

«አልነካኸኝም። ዝም ትላለህ።»

ለዚህም መልሱ ዝምታ ነበር። መከሩን ሰበሰበላት፣ እንጨት ፈለጠላት፣ ጣሪያውን ደፈነላት። ከዚያ አንድ ጠዋት መጥረቢያውን ይዞ በፈረሱ ወደ ተራሮቹ ሄደ። አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር አብራው የኖረችው ሰው ጀርባው በባሉጡ ዛፍ አልፎ ሲጠፋ ግሪዘል በሩ ላይ ቆማ አየች። በመንደሩ ማንም አልቀለደባትም፤ ይህም ከቀልዱ የባሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያሳለፈችው በፍርሃት ነው። ጦርነቱ ተነሣ። ጎረምሶቹ ሄዱ፤ ከበሮው በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ከበርሜል ጀርባ ትቀመጣለች። ነፋስ በሩን ሲመታው መርዶ ነጋሪ የመጣ ይመስላታል። ግን ላሟ መታለብ አለባት፤ ማሳውም መታረስ። አክስት ኤልስፔት በሬዎቹን እየመራች፣ «ነይ እንጂ! እየፈራሽ እረሺ፤ በሬዎቹ አይነግሩብሽም!» ትላታለች። ግሪዘልም እየፈራች አረሰች፤ እየፈራች ዘራች፤ እየፈራችም አጨደች። ማታ ማታ ለባሏ ጸለየች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባርኔጣውን ብቻ አትላክልኝ።»

ከዚያ ወሬው መጣ። ፕሪንግል በካርታው ያሳያቸው ሸለቆ ተቃጥሏል፤ ጎጆዎቹ አመድ ሆነዋል፤ ማን እንደተረፈ የሚያውቅ የለም። ግሪዘል ወደ ዛፉ ሄዳ ከልጆቿ አጠገብ ተቀመጠች። ያን ቀን «አዎ» ብላ ቢሆን እሷም እዚያ ነበረች። ማመስገንም አልቻለች፤ ማልቀስም ያስፈራት ነበር፤ ካለቀሰች ሞቱን ያመነች ይሆንባታል።

በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው ቆሞ አየች። ከሲታ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ ፈረስም መጥረቢያም የለውም። በሩ ክፍት ነበር። ሰውየው ግን አጥሩን አላለፈም።

«ግሪዘል» አለ። መዝሙር ይመራበት የነበረው ድምፅ ሻክሯል። «ልግባ?»

ግሪዘል የበሩን መቃን ያዘች። ይህ ሰው ካገባት ጀምሮ ፈቃዷን ጠይቋት አያውቅም ነበር። አሁን ሲጠይቃት ግን ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ካልፈቀድሽ እሄዳለሁ» አለ። «ርስቱ ያንቺ ነው።»

«ዝም ትላለህ?»

ኒኒያን መሬቱን አየ። «ዝም ብዬ ብዙ ቆየሁ። እዚያ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። አሁን ልናገር፣ ከሰማሽኝ።»

«ግባ» አለችው።

ባርኔጣውን የት እንደሚያኖር ግራ ገብቶት ሲቆም ተቀበለችውና ከበሩ ጀርባ፣ ከዴቪ ባርኔጣ አጠገብ ሰቀለችው። ሾርባ አሞቀች። ኒኒያን ከምድጃው ፊት ተቀምጦ መናገር ጀመረ፤ መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ በኋላ ግድቡን እንደ ጣሰ ውኃ። ስለ እሳቱ፣ አብረውት ስለነበሩ ሰዎች፣ በጫካ ስለ ሄደባቸው ቀናት፣ አንዲት የዚያ አገር አሮጊት ተርቦ አይታው በቆሎ ስለ ሰጠችው። ግሪዘል እጇን አጣምራ ሰማችው። ውጭ ሳስኳሃና ሞልቶ እየጮኸ ነበር። ሻርፗ ከወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ አላሰረችውም፤ ጆሮዋን ብትሸፍን የሚለውን አትሰማም ነበር።